የቋንቋ ችግር

ሐምሌ 3 ቀን 2011 ዓ.ም.፣ ረቡዕ

ዝናብ። ሠላሳ ሰዓት አልተኛሁም። ሌላዋ አዋላጅ የዓመት ፈቃድ ላይ ናት፤ ብቻዬን ነኝ።

ዛሬ ከሰዓት አንዲት ወላድ ምጥ ላይ እያለች ተነስታ ሄደች። የመጀመሪያ ልጇ ነው። እኔ በጎን ክፍል ደም የሚፈሳትን ሌላ ሴት አምቡላንስ ላይ እያሳፈርኩ ነበር። ስመለስ አልጋው ባዶ ነው። አንሶላውን አጥፋ ትታዋለች።

ዘበኛው፣ ከአማቷ ጋር ተደጋግፈው በወንዙ መንገድ ሲወርዱ አይቻቸዋለሁ አለኝ። ለምን አላስቆምካቸውም ብዬ ብጠይቀው፣ ወላድ በምን ሕግ ትያዛለች አለ።

መዝገቡ ላይ የጻፍኩት፦ "ከምክር ውጭ ወጥታለች። የቋንቋ ችግር ነበር።"

ልተኛ።

ሐምሌ 4

ጠዋት መቲ ደወለች። መቲ ከወንዙ ማዶ ያለው ቀበሌ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ናት፤ እዚያው ተወልዳ እዚያው የምትሠራ። "ሃዊ" አለችኝ። የትናንቷን ወላድ ስም መዝገብ ያስገባሁት እኔው ነኝ፤ ከመቲ አፍ ስሰማው ግን ገና አሁን የሰው ስም የሆነ መሰለኝ።

ወንዙን ሳይሻገሩ ሾላው ሥር ወለደች። ወንድ። አልተነፈሰም። እሷም ብዙ ደም ፈሷት ነበር፤ መቲ በዝናብ ሮጣ ደርሳ በእጇ የነበረውን ክኒን ሰጥታት ቆመ። ሃዊ ተርፋለች። "ተርፋለች" የሚለውን ሁለት ጊዜ አስደገምኳት።

ከመሄዷ በፊት የልጁ የልብ ምት መቶ አርባ ነበር፤ ደህና ምት ነው። ያዳመጥኩት ራሴ ነኝ።

ሐምሌ 6

የጤና ጣቢያው ኃላፊ ኦቦ ሙለታ ቢሮው አስጠራኝ። ክፉ ሰው አይደለም። ሁለተኛ ሐኪም፣ የማይፈስ ጣሪያ፣ የሚዘጋ በር ሲለምን ዓመታት ያለፉት ሰው ነው። ሪፖርቱን ካቺሲ ከተማ ላለው ወረዳ ጤና ጽሕፈት ቤት ከመላኩ በፊት ድምፁን ከፍ አድርጎ አነበበውና፣ ደህና ነው አለ። የቋንቋ ችግር የሁሉም ችግር ስለሆነ የማንም ጥፋት አይደለም።

ቀለል አለኝ። ወጥቼ ምሳ በላሁ። ከረቡዕ ወዲህ በደንብ ስበላ የመጀመሪያዬ ነው።

ሐምሌ 9

ማንም ቢሆን እኔ ያደረግኩትን ያደርግ ነበር። ይሄን በሥርዓት ልጻፈው።

ሃዊን አልጋው ላይ በጀርባዋ አስተኛኋት። ወረደች። መሬት ላይ ተንበርክካ የአማቷን ጉልበት ያዘች። አንስቼ መለስኳት። ደግማ ወረደች። ወለሉ እርጥብና ቀዝቃዛ ነው፤ ቆሻሻም ነው። እኔ የተማርኩት በጀርባ አስተኝቶ ማዋለድ ነው፤ እንደዚያ ሲሆን አያለሁ፣ እጄ ይደርሳል። ሌላውን ማንም አላስተማረኝም።

አማትዬዋን ያስወጣሁት በሩ ላይ "አስታማሚ አይገባም" ስለሚል ነው። ወረቀቱን የለጠፍኩት እኔ አይደለሁም። ሴትዮዋ ደግሞ "ማራም! ማራም!" እያሉ ይጮሁ ነበር፤ የወላድ ጠባቂ ናት የሚሏትን መጣራታቸው ነው። በጎን ክፍል ሴት እየደማች ነው። ለማሰብ ጸጥታ ያስፈልገኝ ነበር። እኔም በልቤ ድንግል ማርያምን እየጠራሁ ነበር፤ ግን ድምፅ አላወጣሁም።

የላቦራቶሪው ልጅ ጓንት ሊወስድ ገባ። ሲወጣ በሩን አልመለሰውም፤ በሩ ከግንቦት ጀምሮ አይገጥምም። ኮሪደሩ ላይ ወንዶች ተቀምጠዋል። ያኔ ነው ሃዊ ቀሚሷን ወደ ታች ስባ ማልቀስ የጀመረችው። የምጥ ለቅሶ አልነበረም። የምጥ ለቅሶ አውቃለሁ።

የሆነ ነገር አለችኝ። አልገባኝም።

አልገባኝም ብያለሁ። ተጽፏል።

ሐምሌ 13፣ ቅዳሜ

ገበያ። ሽንኩርት ከሚሸጡት ሁለት ሴቶች አንዷ ለጓደኛዋ "ያቺ ናት" አለቻት። ሌላዋም ቀና ብላ አየችኝና፣ ዓይን አላት እንጂ ሰው አታይም አለች። በኦሮምኛ ነው። ፊቴን አልቀየርኩም። ከሌላ ገዛሁ፣ ውሃ የበዛበት ሽንኩርት።

ሐምሌ 17

በዚህ ሳምንት አንዲት ሴት ብቻ ወለደችልን፤ የፖሊሱ ሚስት። ባለፈው ዓመት በዚህ ሳምንት ስምንት ነበሩ። መንገዱ ጭቃ ስለሆነ ነው አልኩ። አምናም ጭቃ ነበር።

መቲ መድኃኒት ልትወስድ መጣች። ጫማዋን እያራገፈች፣ ቀና ሳትል፣ ሃዊ ያን ቀን ምን እንዳለችኝ ጠየቀችኝ። አልገባኝም አልኳት፤ ኦሮምኛዬን ታውቂዋለሽ።

"አውቀዋለሁ" አለች። "ቅዳሜ ሽንኩርት ስትገዢ ከኋላሽ ነበርኩ።"

 ክኒኑን ቆጥራ ፈርማ ሄደች።

ሐምሌ 24

ጎህ ሲቀድ በቃሬዛ አንዲት ሴት አመጡ። ቤቷ ወልዳ የእንግዴ ልጁ ሳይወጣ ሁለት ቀን ቆይታለች። ትኩሳት። ጉሉኮስ። አምቡላንሱ ጭቃ ያዘው። ወንዶቹ ገፉት። ደረሰች፤ ከሆስፒታል በስልክ ነገሩኝ፣ ትተርፋለች።

ባሏን ለምን ትናንት አላመጣችኋትም አልኩት። በአማርኛ መለሰልኝ፣ እየተጠነቀቀ፣ እንዳልቆጣው፦ "እዚህ ይቆጣሉ ስለተባለ ፈርታ ነው እመቤት።"

እመቤት አለኝ። ሃያ ሰባት ዓመቴ ነው።

ነሐሴ 1፣ ረቡዕ

ፍልሰታ ገባ።

ሦስት ሰዓት ላይ ዘበኛው መጥቶ በሩ ላይ ሴቶች አሉ አለ። ወላድ መስሎኝ ጓንት አንስቼ ነበር። በመስኮት ሳይ አርባ ይሆናሉ፤ ይበልጡም ይሆናል። ሁሉም ያገቡ ናቸው። ሁሉም ያቺን ቀጭን በትር ይዘዋል፣ ሲንቄን፤ ሴት ልጅ ስትዳር እናቷ የምትሰጣትን። አምቦ ሰርግ ላይ አይቻታለሁ። ለዚህ ስትወጣ ግን አይቼ አላውቅም። አይሳደቡም፣ ድንጋይ አያነሱም። ዝናቡ ላይ ቆመው አንዷ ዜማ ታወጣለች፣ ሌሎቹ ይቀበላሉ። ከፊት የቆሙት አዴ ጉዴ ናቸው፤ የሃዊ አማት፣ ከምጥ ክፍል ያስወጣኋቸው።

ኦቦ ሙለታ ሚሊሻ ልጥራ አለ። መቲ ለስብሰባ መጥታ ነበርና ፊቱ ቆማ ከለከለችው። ሲንቄ የያዘች ሴት ላይ እጅ አይነሳም አለችው። በመካከላቸው ማለፍም ነውር ነው። ምጥ ላይ ያለች ሴት ከተበደለች እናቶቹ ይወጣሉ፤ የበደለው ሰው ወጥቶ እስኪሰማቸውም ቤታቸው አይገቡም፣ ላም አይታለብም፣ እሳት አይነድም። መቲ ጴንጤ ናት፤ ማራምን የሚጠሩትን እንደማትወድ ነግራኛለች። ዛሬ ግን እንደነሱ ነበር የምታወራው።

ኦቦ ሙለታ ወጣ። በቋንቋቸው ጥሩ አድርጎ አናገራቸው፤ እኔ ከውስጥ እሰማለሁ። በጣም አዝነናል፣ የቋንቋ ችግር ነው፣ አስተርጓሚ እንመድባለን አላቸው። አዴ ጉዴ አስጨርሰውት አንድ ነገር ብቻ ጠየቁ፦ "ልጅቷ የት ናት?"

ሥራ ላይ ናት አለ።

መድኃኒት መጋዘን ውስጥ ነበርኩ። እዚያ የሚሠራ ምንም ሥራ አልነበረኝም።

ማታ ወደ ቤታቸው ሳይሆን ከአጥሩ ማዶ ሊያድሩ ሲሄዱ፣ ነገ እንመጣለን አሉ።

ነሐሴ 2

ወጣሁ።

መቲ ከአጥሩ ሥር፣ ይቅርታ የሚለምን ሰው የሚይዘውን እርጥብ ሣር ነቅላ አስያዘችኝ። እንዲህ ይዘሽ ቁሚ፣ እነሱ እስኪናገሩ አትናገሪ አለችኝ። 

አዴ ጉዴ ቀረቡ። የተቆጡ አይመስሉም። ደክሟቸዋል። "ልጄ" አሉኝ፤ ያን ቀን እኔ "አንቺ ውጪ" ያልኳቸውን። "ሃዊ ስታናግርሽ አልሰማሽም ነበር?"

አልገባኝም ማለት እችል ነበር። ኦቦ ሙለታ ከኋላዬ ቆሟል። ሪፖርቱ ተልኳል። ሁሉም ሰው ያንን መልስ እየጠበቀ ነበር፤ ምናልባት እሳቸውም።

"ደገኤን ቱሬ" አልኩ። ሰምቼ ነበር።

ከዚያ ሌላው ወጣ፣ በዚያው በተሰባበረው ኦሮምኛዬ። ሃዊ የለመነችኝን ሁሉ ነገርኳቸው። ልንበርከክ ብላኛለች። እናቴ ከኋላ ትያዘኝ ብላኛለች፤ አማቷን እናቴ ነው የምትላቸው። በሩን ዝጊልኝ፣ ወንዶቹ ያዩኛል፣ አፈርኩ ብላኛለች። አንዱም የሚከብድ አልነበረም። ሁሉም ቃል በቃል ገብቶኛል።

እኔ የመለስኩላትንም ነገርኳቸው። እዚህ ደብተር ላይ እንኳ አልጻፍኩትም፤ አሁን ልጻፈው። መሬት ላይ ስትንበረከክ ሁለተኛ ጊዜ ክንዷን ይዤ እያነሳኋት "ይሄ በረት አይደለም" አልኳት። በአማርኛ። ሃዊ ስምንተኛ ክፍል ድረስ ተምራለች። ገብቷታል። ከዚያ በኋላ ነው ያለቀሰችው፤ በበሩ ምክንያት ብቻ አይደለም።

 ከኋላ አንዲት አሮጊት በረጅሙ ተነፈሱ። አዴ ጉዴ እጄ ላይ ካለው ሣር ግማሹን ወሰዱ።

"ይሄ የእኛ ነው" አሉ። "የሃዊን ሃዊን ጠይቂ።"

ሲንቄያቸውን ዝቅ አድርገው ሄዱ። የቀረውን ሣር ይዤ ቆሜ ቀረሁ።

ነሐሴ 3

ኦቦ ሙለታ በሩን ዘጋ። አልጮኸም። በራሴ ፊርማ ለወረዳው የላክሁትን ምን ላድርገው አለኝ። ሪፖርቱ ይታረም አልኩ። ከታረመ ማስጠንቀቂያ እንደሚጻፍብኝ፣ ዝውውሬም እንደሚቀር ነገረኝ። ወደ አምቦ ለመዛወር ከጠየቅኩ ዓመት ሞልቶኛል።

አዲሱን ጻፍኩ። ግማሽ ገጽ ነው። "የቋንቋ ችግር አልነበረም" ብዬ ጀመርኩት።

ኦቦ ሙለታ አንብቦ ሲጨርስ መነጽሩን አወለቀ። አንድ ነገር ልጠይቅሽ አለ። "ኦሮምኛ ታውቂ የለ፤ ለምን አታወሪም?"

ለእሱ ትከሻዬን ነቀነቅኩ። እዚህ ግን ልጻፈው። ቤታችን የሚወራው አማርኛ ነው፤ ኦሮምኛን ከሰፈር ልጆች ጋር አፈር ላይ ተጫውቼ ነው የለመድኩት። ዘጠነኛ ክፍል ተነስቼ ኦሮምኛ ሳነብ ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። ለወራት በስሜ ፋንታ በዚያች በተሳሳትኳት ቃል ይጠሩኝ ነበር። ከዚያ በኋላ ለሽንኩርትና ለታክሲ ብቻ አስቀረሁት። ነጭ ጋውን ለብሼ እንዲሳቅብኝ አልፈለግኩም። ነገሩ ይኸው ነው። እንዳይሳቅብኝ ብዬ ምጥ ላይ ያለች ሴት አላናገርኩም።

በረት ያልኩት ግን በዚህ አይሸፈንም። ያ ሌላ ነው። ያ ከየት እንደመጣ ገና አላወቅኩም። ከአፌ ሲወጣ ግን ምንም አልከበደኝም ነበር።

ነሐሴ 10

ከመቲ ጋር ወደ ሃዊ ቤት ሄድን፤ በእግር ሁለት ሰዓት ተኩል። ሾላው ሥር ስንደርስ መቲ ፍጥነቷን አልቀነሰችም፤ እኔም አልጠየቅኳትም።

ባሏ ፈዬራ ጤፍ ሊዘራ ማሳው ላይ ነበር። ለመቲ ሰላምታ ሰጠ፤ ለእኔ ራሱን ዝቅ አድርጎ በሬዎቹን መለሳቸው። አዴ ጉዴ አስገቡን።

ሃዊ ከምድጃው አጠገብ ተቀምጣለች። ጡቷን በነጠላ አስራዋለች፤ ወተቱ እስካሁን አልደረቀም። አላየችኝም። ይቅርታ ለማለት መንገድ ላይ ያዘጋጀሁት ንግግር ነበረኝ፤ ጠፋብኝ። ሣሩን እንኳ አልያዝኩም፣ ደርቆ ነበር።

እሷ ናት የጀመረችው። ወደ እሳቱ እያየች፣ እዚያ ብቆይ ኖሮ ይተርፍ ነበር ወይ አለች።

አዴ ጉዴ ቀና አሉ። መቲ ክንዴን ያዘችኝ፤ አትመልሺ ማለቷ ይሁን መልሺ ማለቷ አላውቅም። ለሐዘንተኛ የሚባል ብዙ ነገር አለ፦ የእግዜር ፈቃድ ነው፣ ማን ያውቃል። ያን ብል ደስ ይለኝ ነበር። ግን አንድ ጊዜ ዋሽቼባታለሁ።

"የሚተርፍ ይመስለኛል" አልኳት። "ልቡ ደህና ይመታ ነበር። ሲወለድ ባይተነፍስ ማስተንፈሻው እጄ ላይ ነበር። አንቺ ግን አልሄድሽም፤ እኔ ነኝ ያባረርኩሽ።"

 ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይኔን አየችኝ፣ ረጅም ጊዜ። ይቅር ብዬሻለሁ አላለችም። ልጁ ጥቁር ፀጉር ነበረው አለች፣ ብዙ። ያዩት እሷና አማቷ ብቻ ናቸው፤ መቲ ስትደርስ ተጠቅልሎ ነበር። አሁን እኔም ልወቅ ማለቷ መሰለኝ። ቅጣት ይሁን ሌላ ነገር አልገባኝም፤ ይሄኛው እውነት አልገባኝም።

ስንወጣ አዴ ጉዴ እስከ አጥሩ ሸኙን።

ነሐሴ 24

ስብሰባ፣ ሦስተኛው። አዴ ጉዴና ሌሎች አራት እናቶች ኦቦ ሙለታ ቢሮ ተቀምጠው፣ እሱ በመጨረሻ ከጠረጴዛው ወዲህ መጥቶ በርጩማ ላይ። የጠየቁት ብዙ አይደለም። ወላዷ የምታምናት አንዲት ሴት አብራት ትግባ። መንበርከክ የፈለገች ትንበርከክ። በሩ ይዘጋ። የእንግዴ ልጁን እኛ ጉድጓድ ውስጥ መጣላችንን ሲሰሙ አንዷ እናት አፋቸውን በእጃቸው ያዙ፤ የወላዷ ቤት አጠገብ የሚቀበር ነገር ነው፣ ልጁ ከየት እንደሆነ የሚያውቀው በዚያ ነው አሉ። ኦቦ ሙለታ ስለ ኢንፌክሽን ተከራከረ፤ ደህና አድርጎ ነው የተከራከረው። በላስቲክ ታሽጎ፣ ጠልቆ ተቆፍሮ እንዲቀበር ተስማሙ። መንበርከኩን በተመለከተ ወደ እኔ ዞረ፤ አደጋ አለው ወይ? መጽሐፌን አገላብጬ ነበር። የለውም አልኩ። ለብዙዎቹ እንዲያውም ይቀላል። ለካ መጽሐፉ ውስጥ ነበረ፣ ለፈተና ያልተባለ ገጽ ላይ።

አናጢው በሩን ሠራው። አንድ ሰዓት እንኳ አልፈጀበትም። አንድ ሰዓት።

ላስቲክ የለበሰ ፍራሽ ወለሉ ላይ አነጠፍን። አዴ ጉዴ በጉልበታቸው ወርደው ሞከሩትና፣ ቀጭን ነው አሉ። ሁለተኛ ደረብን።

ጳጉሜን 3

ማስጠንቀቂያው ደረሰ። ዝውውር የለም። እማዬ ከአምቦ ደውላ፣ እውነት መናገር ምን አተረፈልሽ አለች።  ሁለት ወላድ አሉኝ፣ ልሂድ።

መስከረም 11 ቀን 2012 ዓ.ም.

ጠዋት አንዲት ወላድ ከወንዙ ማዶ መጣች። በበቅሎ አምጥተው በር ላይ አወረዷት። የፈዬራ እህት ናት። አብራት የምትገባው ማን ናት ብዬ ስጠይቅ ከኋላ ሃዊ ወጣች።

 ጫማዋን አውልቃ ገባች። ያንን ክፍል ዞር ብላ አየችው፤ አልጋውን፣ በሩን፣ ፍራሹን። በሩን ራሷ ሄዳ ገፋችውና ገጠመ። መቆለፊያውን ሁለት ጊዜ ሞከረችው።

ወላዷ ተንበረከከች። ሃዊ ከኋላዋ ተቀምጣ በብብቷ ሥር ያዘቻት፤ ጀርባዋን ደረቷ ላይ አስደግፋ። እኔ ከፊት፣ በጉልበቴ። ፊት ለፊት ነን ሦስታችን፣ ክንድ በማይሞላ ርቀት። የልብ ምቱን ባዳመጥኩ ቁጥር ለሃዊ ቁጥሩን ነገርኳት። ሳትጠይቀኝ። መቶ ሠላሳ ስድስት። መቶ አርባ ሁለት። ቁጥሩን ስሰጣት ራሷን ትነቀንቃለች።

ሰዓቱ ሲደርስ አምጪ፣ ግፊ ማለት ነበረብኝ፤ በኦሮምኛ አልኩት። ወላዷ በዚያ ምጥ መሃል ሳቀች። በሩ ውጪ የቆሙት እናቶችም ሰምተው ሳቁ። ያልኩት ቃል ለካ በር ለመግፋት የሚባለው ኖሯል።

ጆሮዬ ድረስ ጋለኝ። ዘጠነኛ ክፍል ነኝ።

ሃዊ አልሳቀችም። ከወላዷ ትከሻ በላይ አየችኝና ትክክለኛውን ቃል ቀስ ብላ ነገረችኝ፣ ለልጅ እንደሚነገር። ደገምኩት። አይደለም፣ እንዲህ ነው አለች። እንደገና ደገምኩት።

"አሁን ይገባታል" አለች ሃዊ፣ "በያት።"

አልኳት።